ድሮው አይኦ፦ ጭንቅላታችሁን ለሞዴሉ የሚተውላችሁ የዲያግራም ቱል

ዳታቤዝ ዲዛይን ለምትሰሩና ሲስተም አናላይሲስ ፕሮጀክት ላለባችሁ የግቢ ልጆች፣ ድሮው አይኦን ያዙ ነው የምለው። ነፃ ነው፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚጫነው ደግሞ ኔት ቢጠፋም ይሰራል። እኔ የወደድኩት ግን እያሰብኩ ስለማይረብሸኝ ነው።

ሞዴል (ሲስተሙ ውስጥ ምን ምን እንዳለና እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳየውን ስዕል) ስትሰሩ አእምሮ በአንዴ የሚይዘው በጣም ትንሽ ነው፣ ሳይኮሎጂስቱ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ሰባት ነገር ሲደመር ሲቀነስ ሁለት ብሎ ነበር፣ በ2001 ደግሞ ሌላው ሳይኮሎጂስት ኔልሰን ኮዋን ወደ አራት አካባቢ አወረደው። የእቁብ አፕ እንስራ ብትሉ ገና ስትጀምሩ አባል፣ እጣ፣ ዙር፣ መዋጮ አለ፣ አራቱ ሞላ። አንድ ሰው ሁለት እጣ ይገባል፣ ሁለት ሰው ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሆነው አንድ እጣ ይይዛሉ፣ ስለዚህ አባልና እጣ ሜኒ ቱ ሜኒ (ብዙ ለብዙ) ሆኑ፣ መሃላቸው ድርሻ የሚባል ሌላ ቴብል ይገባል። ይሄ ክብደት የእቁቡ የራሱ ነው፣ በምንም ቱል አይቀንስም። የትምህርት ሳይኮሎጂስቱ ጆን ስዌለር በኮግኒቲቭ ሎድ ቲዮሪው (አእምሮ ላይ ስለሚወድቀው ሸክም ባወጣው ሐሳብ) ከዚህ የለየው ሌላ ክብደት አለ፣ ከአቀራረቡ ብቻ የሚመጣ፣ ያለ ጥቅም የሚያደክም። ስለ ግማሽ እጣ እያሰባችሁ መስመሩ ከሳጥኑ ሲላቀቅ ሐሳቡ ብን ብሎ ይጠፋል፣ እሱ ነው።

ድሮው አይኦ ላይ ሳጥኑን ማውስ ስታስጠጉት በአራቱም በኩል ቀስት ይወጣል፣ በእሷ አዲስ ሳጥን ከነመስመሩ ታወጣላችሁ፣ ሳጥኑን ብታንቀሳቅሱት መስመሩ ይከተለዋል። በቃ እዚህ ድረስ እጃችሁ ይሰራል ጭንቅላታችሁ እቁቡ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የከፈልኩበት አንድ ቱል (ስሙ ይቅር) ገና ኢንቲቲውን (እንደ አባልና እጣ ያለውን፣ በሳጥን የሚሳለውን ነገር) ሳልሰይም ዳታ ታይፕ ምረጥ ይለኝ ነበር፣ ቫርቻር (ጽሑፍ) ይሁን ኢንት (ቁጥር) ማን ግድ አለው በዛ ሰዓት?

ግራ በኩል ያለው የሼፕ ብዛት ግን ይበዛል፣ ሞር ሼፕስ ውስጥ ገብታችሁ ከኢንቲቲ ሪሌሽን ውጪ ያለውን አጥፉት።

ደግሞ ቱሉ ለሚያነበው ሰው አያስብላችሁም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ቼን በ1976 ባመጣው አሳሳል እያንዳንዱ አትሪቢዩት (የኢንቲቲው ዝርዝር መረጃ፣ ለምሳሌ የአባሉ ስም) የራሱ ኦቫል አለው፣ አምስት ኢንቲቲ ስድስት ስድስት ቢኖራቸው 30 ኦቫል ማለት ነው፣ መምህር ካላስገደዳችሁ ተዉት። ክሮውስ ፉት የሚባለው ሌላው አሳሳል ሁሉንም ቴብሉ ውስጥ በመስመር ይደረድረዋል፣ ያም ሆኖ ምልክቶቹን ላልተማረ ሰው የመስመሩ ጫፍ ምንም አይነግረውም፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ «አንድ አባል ብዙ ድርሻ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። ማብራሪያውን ሌላ ወረቀት ላይ አታድርጉት፣ ዓይን ሲመላለስ የያዘውን ይጥላል።

ለእቁባችን ዳኛ ሙሉውን ዲያግራም ሳሳያቸው «ጎበዝ» ብለው መለሱልኝ፣ ምንም አላሉም ማለት ነው። ሌላ ፔጅ ላይ ስም ብቻ ያለባቸውን ሳጥኖች ሳሳያቸው ግን ወዲያው «የወጣለት ሰው መክፈሉን ቢያቆም ማንን ነው የምጠይቀው ልጄ?» አሉኝ። ዋስ የሚባል ኢንቲቲ በዛው ገባ። እቁቡን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ኦቫልና ፎሬን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዘው ቁልፍ) ሲከምሩባቸው ነው እውቀታቸው የሚታፈነው።

ፔጅ መከፋፈሉንም አታብዙት፣ ኮድ የሚጽፈው ልጅ አራት ፔጅ እያገላበጠ ሁሉንም በቃሉ መያዝ ካለበት ሸክሙን ወደሱ አዛወራችሁት እንጂ አልቀነሳችሁም። እኔ ሁለት ፔጅ ነው የምጠቀመው፣ አንዱ ለባለ ጉዳይ አንዱ ለዴቨሎፐር።

በስልክ ስክሪን አትሞክሩት፣ ላፕቶፕ ከሌላችሁ ወረቀትና እርሳስ ይሻላችኋል። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ።