«ለሁሉም ሰብል» የሚል የሥር መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት በመስኖ ለምታለሙ ሁሉ፣ በተለይ መቂና ዝዋይ አካባቢ ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ይህ ፓኬት ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ወቅቱንም ይዞ ይሄዳል።

ጥቅምት ላይ ግማሽ ሄክታር መሬት በኪራይ ይዤ የቲማቲም ችግኝ አፍልቼ ነበር። ከእኔ በፊት ማሳውን የያዘው ሰው ተክሉ እየጠወለገ እንዳስቸገረው ስለሰማሁ ሥሩን የሚጠብቅ ነገር ፍለጋ አንድ የግብርና ግብዓት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በር ላይ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ አንድ ባለ ኪሎ ፓኬት አንስቶ ሰጠኝ። ፊቱ ላይ «ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ለሁሉም ሰብል» ይላል። ራይዞቢየም አለው፣ ማይኮራይዛ አለው፣ ትራይኮደርማ አለው፣ የጠወለገውን ያድናል፣ ማዳበሪያ በግማሽ ያስቀንሳል አለኝ። አንዱን በ1,800 ብር ሦስት ገዛሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ና» አለኝ፤ ለደረሰኙ ብዬ ተመልሼ አልሄድኩም።

ችግኙ ማሳ ከገባ አርባ ቀን ገደማ ሲሆነው ተክሉ እኩለ ቀን ላይ እየጠወለገ ማታ ማታ ቀና ይል ጀመር። እድገቱም ቆመ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ከላይ እስከ ታች እባጭ በእባጭ ሆኗል፤ ክር መምሰል የነበረበት ሥር እንደ ዝንጅብል ተወጣጥሯል። ፎቶ አንስቼ ለባለሱቁ በቴሌግራም ላክሁለት። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ይዞልሃል! ተሕዋሱ ሥሩ ላይ ቤቱን ሠርቶ ነው። አንድ ዙር ድገምበት» ብሎ መለሰልኝ። አምኜው አራተኛ ፓኬት ገዛሁ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ መልስ ነው። ከሳምንት በኋላ የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ መጥታ ያንኑ ሥር እንዳየች «ይሄ እኮ ነማቶድ ነው» አለች። ነማቶድ በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ሥር ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ውሃና ምግብ ወደ ላይ እንዳይሄድ ያደርጋል። እኔ በሽታውን መድኃኒት መስሎኝ ስንከባከበው ከረምኩ።

ስለዚህ ልዩነቱን በደንብ ያዙልኝ። ራይዞቢየም ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ ነው፤ ቋጠሮ የሚሠራው እንደ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አኩሪ አተር ባሉ ጥራጥሬዎች ሥር ላይ ብቻ ነው። ቲማቲም ላይ አይሠራም፣ ድንች ላይ አይሠራም፣ ጤፍ ላይ አይሠራም። የጥራጥሬው ቋጠሮ ሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ በጥፍር ሲከፍሉት ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ እየሠራ አይደለም። የነማቶዱ እባጭ ግን ራሱ ሥሩ ነው ያበጠው፤ ብትጎትቱት ሥሩ ይበጠሳል እንጂ እባጩ ለብቻው አይወጣም። ቲማቲም ሥር ላይ ቋጠሮ አሳይቶ «ይዞልሃል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ነገሩ ራሱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ያለው አጎቴ ባቄላውን በትክክለኛው ራይዞቢየም እያሸ ሲዘራ ዓመታት ሆኖታል። 125 ግራም የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ለሩብ ሄክታር ትበቃዋለች። ዘሩን በስኳር ውሃ ያረጥብና ጥላ ሥር ከጥቁሩ ዱቄት ጋር ያሸዋል፣ ፀሐይ ሳያይ ወዲያው ይዘራዋል። የባቄላውን ግን ለሽምብራ አይጠቀምም፤ ለየሰብሉ የሚስማማው የራይዞቢየም ዓይነት የተለያየ ነው። «ለሁሉም ሰብል» የሚለው ጽሑፍ ገና ከበሩ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ማይኮራይዛም እንዲሁ ነው። ከሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይመግበዋል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቡና በደንብ ይቀበሉታል። ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ግን ከእሱ ጋር አይጣመሩም። በጓሯችሁ ጎመን ለምትተክሉ እናቶችና እህቶች ይህን ፈንገስ ለጎመን ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙት።

ትራይኮደርማ ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን የሚያጠቃ ፈንገስ ነው። ችግኝ መደብ ላይ ወይም በተከላ ጊዜ፣ በሽታው ሳይገባ ነው የሚሰጠው። የጠወለገ ተክል አያስነሳም። ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባለሱቁ «ከካርቤንዳዚም ጋር ቀላቅለህ አጠጣው» ብሎኝ ነበር፣ ካርቤንዳዚም ግን ፈንገስ ገዳይ ነው፤ ትራይኮደርማውንም አብሮ ይጨርሰዋል። አጠውላጊው ባክቴሪያ ከሆነም አይረዳችሁም። እሱን ለማወቅ የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አካባቢ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ተክሉን ነቅላችሁ ከማሳ አውጡ።

የተረፈኝን ዱቄት ቤት ውስጥ ፈትኜዋለሁ። ሩዝ ቀቅዬ አቀዘቀዝኩና በሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ከፈልኩት፤ በአንዱ ላይ ቁንጥር ዱቄት ነሰነስኩ፣ ሌላውን እንዲሁ ተውኩት፣ ሁለቱንም በጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሕያው ትራይኮደርማ ቢሆን በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይታይ ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላም ወደ አረንጓዴ ይለወጥ ነበር። በሰባተኛው ቀን ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ነበሩ። አረንጓዴ ሻጋታ ማየት ብቻውን ጥራቱን አያረጋግጥም፣ ሌላም ሻጋታ አረንጓዴ ይሆናል፤ ምንም አለመብቀሉ ግን ዱቄቱ ውስጥ ሕያው ትራይኮደርማ እንደሌለ ነገረኝ።

ፓኬቱን መልሼ ሳየው የተሕዋሱ ሙሉ ስም የለም፣ በአንድ ግራም ስንት ሕያው ተሕዋስ እንዳለ አልተጻፈም፣ የተመረተበት ቀን የለም። የሚያበቃበት ቀን በሌላ ወረቀት ላይ ተለጥፎበታል፤ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ። እናንተ ሳትከፍሉ በፊት ልጡት። ከፀሐይ ላይ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ባያልፍም አትውሰዱት። በሽታ ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ በፀረ ተባይነት መመዝገብ ስላለበት የምዝገባውን ቁጥር ጠይቁ፤ ቅር የሚለው ነጋዴ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

እኔ አሁን የታመመውን ሥር ሁሉ ነቅዬ አቃጥያለሁ፣ ማሳውንም በበጋው ፀሐይ ደጋግሜ እያረስኩ አደርቀዋለሁ። ጎረቤቴ ከዚያው ሱቅ የገዛቸውን ሁለት ፓኬቶች ገና አልከፈተም ነበር። ጉዳዩን ስነግረው ደረሰኙን ይዞ ሄደ፣ ባለሱቁም ተከራክሮ ተከራክሮ 3,600 ብሩን መለሰለት። እኔ ስሄድ የጠየቀኝ ደረሰኙን ነው።