ክሊፕ ለመቅረጽ፦ ያገለገለ ካኖን 80ዲ ወይስ ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ?

ሮክ የሚጫወቱ ልጆች ባገኘሁ ቁጥር የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ክሊፓችንን ራሳችን ልንሠራ ነው፣ የቱን ካሜራ እንግዛ?» መልሴ ያገለገለ ካኖን 80ዲ ነው። ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ የተሻለ ካሜራ መሆኑን አልክድም። ስፖንሰር ለሌለው ባንድ ግን ገንዘቡን አያወጣም።

ዋጋውን በዶላር የምጽፈው ብሩ አልቆም ስላለ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ካለፈ ቆይቷል፤ በብር ብጽፈው ሳታነቡት ያረጃል። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ያገለገለ 80ዲ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ) 400 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 1,199 ነበር። 50 ሚሊሜትር 1.8 የሚባለው ሌንሱ አዲሱ 125 ገደማ ስለሆነ በ525 አካባቢ ቀረጻ ጀመራችሁ ማለት ነው። ኤ ሰቨን ስሪ ደግሞ ሲወጣ 1,999 ነበር፤ አሁንም ያገለገለው 900 እና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። የራሱ 50 ሚሊሜትር 250 ገደማ ነው፤ ያውም ፎከስ ለመያዝ የሚንቀራፈፍ ሌንስ። ልዩነቱ ከ600 ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ የመብራት፣ የጄኔሬተር ኪራይ፣ የላዳና የምሳ ገንዘብ ነው።

እዚሁ አዲስ አበባ ለመግዛት ከሆነ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ። ብዙዎቹ ወደ ሶኒ እየዞሩ ካኖናቸውን ይሸጣሉ። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለሌለ ለድርድር ይመቻሉ፤ በጥር ግን አትሞክሯቸው።

«ፎር ኬ (እጅግ ጥርት ያለ ቪዲዮ) የለውም» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ 80ዲ ፎር ኬ አይቀርጽም። ኦኬ ጎ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ስምንት ትሬድሚል ላይ የሚጨፍሩበት ክሊፕ የተቀረጸው በአንድ የማይንቀሳቀስ ካሜራ፣ ያለ ምንም ቆረጣ ነው፤ በዓመቱ ግራሚ ወሰደ። የእናንተንም ክሊፕ አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ፣ ያውም ዳታ ቆጥቦ ነው። ፎር ኬውን ኤዲት የሚያደርገው ላፕቶፕስ የማን ነው? 80ዲ ለባንድ የሚጠቅመው ስክሪኑ ወደ ፊት ስለሚዞር ነው። ቀራጭ ሳትቀጥሩ ራሳችሁን እያያችሁ ትቀርጻላችሁ፤ ዘፋኙ ወደ ካሜራው ሲጠጋም ፎከሱ ይከተለዋል። የኤ ሰቨን ስሪ ስክሪን ወደ ፊት አይዞርም።

አሁን ወደሚያቃጥለው ጉዳይ። ኮፒ ባትሪ አትግዙ። ላዩ ላይ 2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት (ኤምኤኤች) ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ኦሪጅናሉን 1,865 አያክልም፤ አንድ ዘፈን ሦስቴ ሳትደግሙ ያልቃል። ድራመራችን ከአንድ ሱቅ የገዛው ኮፒ እዚያው ካሜራው ውስጥ አብጦ አልወጣ አለ። በፒንሳ ሲጎትተው የባትሪ ቤቱ መክደኛ ተሰበረ፣ ባትሪው የወጣው ጥገና ቤት ነው። ለጥገናው የከፈለው የኦሪጅናሉን ዋጋ በልጧል። ባትሪው ሲገባ ካሜራው ከባትሪው ጋር መነጋገር አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ ካወጣ የኮፒነቱን ዋና ምልክት አግኝታችኋል፤ ብራችሁን ተቀበሉና ሂዱ።

ሜሞሪ ካርዱ ከባትሪውም ይብሳል። 128 ጊጋ የተባለው ፎርጅድ ካርድ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካሜራው ይህን ስለማያውቅ መቅረጹን ይቀጥላል፤ ማታ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት የመጀመሪያዎቹ ሾቶች ብቻ ይጫወታሉ፣ የቀረው አይከፈትም። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ ይፈትሻል። ሳትፈትሹ ቀረጻ አትውጡ።

ያገለገለ ካሜራ ስታዩ የሻተሩን ቁጥር (ስንት ፎቶ እንዳነሣ) ብቻ አትጠይቁ፤ ለቪዲዮ ብዙም አያገባችሁም። ስክሪኑን አውጥታችሁ ደጋግማችሁ አዙሩት፤ ሲዞር የሚጠፋ ከሆነ የውስጡ ሪባን ኬብል እየሄደ ነው። ሌንሱን ክዳኑን እንዳደረገ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ ቅረጹ፤ ጥቁሩ ላይ ቀይና ነጭ ነጥብ ከበዛ ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ደክሟል። በጥገና በኩል ለካኖን ከፍርስራሽም ቢሆን ዕቃ ይገኛል። ለሶኒ ግን «ከዱባይ ይምጣ» ነው የምትባሉት።

«ስልካችንስ?» ለምትሉ፣ ስልክ ብዙ ጊዜ ባልተስተካከለ የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ የሚያነሣው ምስል ብዛት) ስለሚቀርጽ አራት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ አፍና ድምፅ ይለያያሉ። የእኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ደግሞ በ30 ፍሬም ስትቀርጹ አምፖሉ ይርገበገባል። ካኖኑን ሜኑው ውስጥ ፓል (ለ50 ኸርዝ ሀገር የሚሆነው የቪዲዮ ሥርዓት) ላይ አድርጋችሁ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ሰከንድ ብትሉት ያ ጣጣ የለም። ስሎው ሞሽን ከፈለጋችሁ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውታችሁ በ50 ፍሬም ቅረጹ፤ በግማሽ ስታዘገዩት ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል።

ሶኒው የሚያሸንፍበት ቦታ ጨለማ ነው። 80ዲ ከአይኤስኦ 1600 በላይ ምስሉ ይቆሽሻል፤ ሮክ ደግሞ ጨለማ ይወዳል። ክሊፖቻችሁ ሁሉ ማታና ደጅ ከሆኑ፣ ገንዘቡም ካለ ሶኒውን ግዙ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ሜኑውን ክፈቱት። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ሶኒ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የለውም፣ ረከስ ብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።