በበረዶ የተያዘ መኪና፦ ጎታች መጥራት ወይስ በሰው እርዳታ ማውጣት?

በሚኒሶታ ብርድ መኪናችሁ በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ነው።

ወጪ፦ ጎታች መኪና ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ በሌሊት ይብሳል። ኢንሹራንሳችሁ የመንገድ ላይ እርዳታን የሚሸፍን መሆኑን በረዶው ሳይመጣ አረጋግጡ። ቆሞ የሚረዳችሁ አሽከርካሪ የሚጠብቀው ግን ምስጋና ነው።

ጊዜ፦ በማዕበል ቀን ጎታች ሰዓታት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ጎረቤት ቶሎ ይደርሳል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ባልተገባ ገመድ ወይም በሰንሰለት መጎተት መንጠቆውን ነቅሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ጎታች ስትጠብቁም ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

በሰፈር መንገድ ላይ ጎማው ባዶውን ከተሽከረከረ አካፋ፣ አሸዋና ሁለት ገፊ ይበቃሉ። መኪናው ቦይ ከገባ ወይም አውራ ጎዳና ላይ ከቆመ ግን ለ911 ደውሉ፤ ቀበቶአችሁን ሳትፈቱ ጎታቹን ጠብቁ።