ፕራግ የምትሄዱ ወገኖች፣ መንገድ ላይ ዩሮ እንዳትመነዝሩ

ከጀርመን ወይም ከጣሊያን ተነስታችሁ ለዕረፍት ፕራግ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ከተማዋ ሰላም ናት፤ ማታ በእግር መሄድ ብዙም አያሰጋም። ሰው የሚዘረፈው በጠራራ ፀሐይ፣ በፈገግታ ነው።

የፕራግ አገር ቼክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም መገበያያዋ ዩሮ ሳይሆን ኮሩና ነው። 1 ዩሮ 24 ወይም 25 ኮሩና ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

በአሮጌው ከተማ አደባባይና በዌንሰስላስ አደባባይ አካባቢ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ "ከምንዛሬ ቢሮው የተሻለ እሰጥሃለሁ" ሊላችሁ ይችላል። እኛ ጥቁር ገበያ ከባንክ በልጦ ሲከፍል እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ እንዲህ ሲሉን ቶሎ እንሰማለን። ፕራግ ላይ ግን የውጭ ምንዛሬ እጥረት የለም፤ ማንም ሰው በፈለገው ሰዓት በሕጋዊ መንገድ ይመነዝራል። ታዲያ ይህ ሰው ከባንክ በላይ ከፍሎ ምን ያተርፋል? የሚያስታቅፋችሁ ኮሩና አይደለም። የሃንጋሪ ፎሪንት ነው፤ ወይም በ2016 ከገበያ የወጣ የቤላሩስ ሩብል። 1000 ፎሪንት ዜሮው ብዙ ነው፣ ዋጋው ግን 3 ዩሮ እንኳ አይሞላም። አንድ የማውቀው ልጅ 200 ዩሮ እንዲሁ አስረክቧል። የነቃው ማታ እራት ሊከፍል ሲል ነው፤ አስተናጋጁ "ይሄ የእኛ ገንዘብ አይደለም" አለው። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ለወራት ያጠራቀመው ነበር።

ሕጋዊ ቢሮ ስትገቡም "ኮሚሽን 0" የሚለውን አትመኑ። ኮሚሽኑን ትተው በምንዛሬው ዋጋ ይበሏችኋል። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት "እጄ ላይ ስንት ይገባል?" በሉና በስልካችሁ አስሉት። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 1000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሬ በ3 ሰዓት ውስጥ ማፍረስ ትችላላችሁ። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ። ይህ መብት የሚሠራው ግን ለቢሮው ብቻ ነው፤ የመንገዱን ሰውዬ የት ታገኙታላችሁ?

በበኩሌ ካርድ መጠቀም ይሻላል እላለሁ፤ አብዛኛው ቦታ ይቀበላል። ማሽኑ "በዩሮ ላስላልህ?" ብሎ ከጠየቀ እንቢ በሉ፣ ኮሩናን ምረጡ። በዩሮ ካሉት በራሱ ዋጋ ቆርጦ ይወስዳል።

ሌላው አደገኛ ነገር የውሸት ፖሊስ ነው። ከመንገዱ መንዛሪ ጋር ስታወሩ ሲቪል የለበሰ ሰው መታወቂያ ብልጭ አድርጎ "ሐሰተኛ ገንዘብ እየፈለግን ነው፣ ቦርሳህን አሳየኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። ቦርሳችሁን በፍጹም እንዳትሰጡት። "ጣቢያ እንሂድ" በሉት፣ ወደ 158 ወይም 112 ደውሉ።