ማሽን ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን ልጅ ጥሩት

ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ጎማ ቁጠባ፣ ፒያሳ አካባቢ ላላችሁ ነው የምጽፈው። ቤታችሁ ውስጥ ፊልም የምታጫውቱበት ሰርቨር (ፊልም አስቀምጦ ለቲቪው የሚያቀብል ኮምፒውተር) ካላችሁና እየቆራረጠ ካስቸገራችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። በቅድሚያ ግን በአደባባይ ላመስግነው። ይገባዋል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እኔ፣ እናቴና ታናሽ እህቴ። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴል ኮምፒውተር ገዛሁና ጄሊፊን ጫንኩበት። ለማታውቁት፣ ጄሊፊን ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ፊልምና ቪዲዮ ወደ ቲቪና ስልክ የሚያሰራጭ ፕሮግራም ነው። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ኤምቢ (Emby) ከሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ ነፃ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። እናቴ ጆሮዋ ደከም ብሏል። ስለዚህ እህቴ ማታ ማታ ቁጭ ብላ የፊልሞቹን ንግግር በአማርኛ ትጽፍላታለች፣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ እያነበበች ታያለች። አንዱን ፊልም ለመጨረስ እህቴ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል።

ከዛ መቆራረጥ ጀመረ። አምስት ደቂቃ ይሄድና ቀጥ ይላል፣ መሀሉ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ እናቴ "ተበላሸ እንዴ?" ትላለች፣ እኔ ተነስቼ አጠፋለሁ አበራለሁ። ይባስ ብሎ የአማርኛው ጽሑፍ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መውጣት ጀመረ። አንድ ሱቅ ወስጄ ባሳያቸው "ይሄ ማሽን አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ" አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ ከሁለት ወር ደሞዜ በላይ ነው። እኔም ምናልባት ኢንተርኔቱ ይሆናል ብዬ ፓኬጄን ላሳድግ ተነስቼ ነበር።

ልጁን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው፣ ቤት ድረስም ይመጣል። መጣ፣ እናቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ፊልም ክፈቺልኝ አለኝ። ከዛ ምንም ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ያህል ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ቁጭ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ተናድጄ ነበር። ለካ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ ነው የሚያየው። ፊልሙ ሲሄድ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ መስመሩ ላይ ምን ያህል እንደሚያልፍ፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር።

"ትራንስኮድ እያደረገ ነው" አለኝ። ቲቪው ፋይሉን እንዳለ ማጫወት ከቻለ ሰርቨሩ ማቀበል ብቻ ነው ሥራው፤ ዳይሬክት ፕሌይ የሚባለው ይሄ ነው፣ ደካማ ማሽንም አያቅተውም። ካልቻለ ግን ሰርቨሩ ምስሉን ፈትቶ፣ እንደገና ሠርቶ ነው የሚልከው፤ ትራንስኮድ ማለት ይሄ ነው። የኛን ይሄ ውስጥ ያስገባው ምን መሰላችሁ? የእህቴ የአማርኛ ጽሑፍ! ኤኤስኤስ በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ነበር የምታስቀምጠው፣ ከቲቪው ጋር የተያያዘው የቲቪ ሳጥናችን ደግሞ እሱን ማንበብ አልቻለም። ስለዚህ ሰርቨሩ ጽሑፉን ምስሉ ላይ እያተመ ይልክ ነበር፣ በሰከንድ 24 ምስል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ፎንት ስላልተጫነ የሚያትመው ደግሞ ያንን ባዶ ሳጥን ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ለየብቻ የታገልኳቸው ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነበር።

ፋይሎቹን ኤስአርቲ ወደሚባለው ቀለል ያለ የጽሑፍ ዓይነት ቀየረልን፣ እሱን የቲቪ ሳጥኑ ራሱ ያነበዋል። ለማንኛውም ብሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ሰርቨሩ ላይ ጫነ። ለእህቴም ከእንግዲህ እንዴት አድርጋ እንደምታስቀምጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አሳያት።

ማሽኑም ቢሆን አላረጀም። ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፣ ውስጡ ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል አለው፣ ኤች 265 የሚባለውን ከበድ ያለ የቪዲዮ ዓይነት፣ ባለ 10 ቢቱንም ይፈታል። ግን ጄሊፊን ላይ እኛ ካላበራነው ራሱ አይበራም፣ እኔ ደግሞ አላበራሁትም። ትራንስኮድ ግድ ሲሆን 98 በመቶ ይደርስ የነበረው ፕሮሰሰር አሁን 15 አካባቢ ነው። ፋኑም ዝም አለ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ኬብሉ ነው። ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ነቅሎ ቴስተር ላይ ሰካው። መብራቶቹ በተራ በሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዛ አራትና አምስት ጨለማ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። እንደገና ሞከረው፣ ያው ነው። ሰማያዊዎቹ ሁለት ሽቦዎች ኮኔክተሩ ውስጥ አልነኩም ነበር። ኬብል በአራት ሽቦም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት፤ ግን በ100 ሜጋቢት ብቻ ነው፣ 1,000 እንዲሆን ስምንቱም መንካት አለባቸው። ጫፉን ቆረጠ፣ ሽቦዎቹን በጣቱ አቃንቶ በየቀለማቸው ደረደረ፣ አዲስ ኮኔክተር አስገብቶ ጨመቀው። ስምንቱም በሩ። ለአንድ ኮኔክተር ስንት ሰው ነው ማሽን የሚቀይረው?

የቲቪ ሳጥኑንም ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ አዞረው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ላይ ጎረቤት ሁሉ ነው ያለው። ፓኬጅ ማሳደግም አያስፈልግሽም አለኝ፤ ፊልሙ ከራሳችን ኮምፒውተር ወደ ራሳችን ቲቪ ነው የሚሄደው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ለመብራት መጥፋት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዢ ብሎኛል፣ ድንገት ሲጠፋ የጄሊፊን ዳታቤዝ ሊበላሽ ስለሚችል። እሱን ገና አልገዛሁም።

ጨርሶ ፊልሙን ከፈተና "ማዘር፣ ይነበባል?" አላት። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ አነበበች፣ ሁለተኛውንም አነበበች። "እጅህ ይባረክ ልጄ፣ ጥርት ብሏል" አለችው። እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። እያለቀሰች ነበር።

የጠየቀኝ 2,500 ብር ነው። የቀየረውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፣ ድሮ ምን ላይ እንደነበር ጭምር፣ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ እንዳይቸገር ብሎ። አዲስ ማሽን ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ ሱቁ ውስጥ አለ፣ አይቼዋለሁ። "አያስፈልግሽም እህቴ" ነው ያለኝ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሥራህን ያስፋልህ።

ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፣ ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል። እኛን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አስጠብቆናል። ደውሎ ነግሮኛል ግን። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የፕሮሰሰራችሁን ሞዴልና የቲቪያችሁን ዓይነት ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።