በረሃ፣ ተራራ፣ ባሕርና የጥንት ገበያ፦ የሞሮኮ ዙር ወይስ የአፋር–ጅቡቲ–ሐረር ዙር?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ በረሃውን፣ ተራራውን፣ የባሕር ዳርቻውንና የጥንቱን ገበያ በአንድ ጉዞ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁለት ዙሮች አሉ። አንዱ በአውሮፕላን ሞሮኮ የሚወስደው ነው፤ ካዛብላንካ፣ ፌዝ፣ የመርዙጋ አሸዋ፣ የአትላስ ተራሮች፣ ማራካሽና ኤሳዊራን ያካትታል። ሌላው፣ የምሥራቁ ዙር፣ ከደጃችን ይጀምራል። በባቲ ቁልቁል ወርዶ አፋርን ያቋርጥና በገላፊ ድንበር በኩል ጅቡቲ ይገባል፤ ከዚያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ ሐረር ላይ ያበቃል።

አስጎብኚዎች የሚያሳዩት ፎቶ ለመምረጥ አይረዳም፤ በሁለቱም ግመል አለ፣ በሁለቱም ፀሐይ ስትጠልቅ ይታያል። ልዩነቱ ያለው መኪና ውስጥ በሚያልፈው ሰዓት፣ በወሩና በወረቀቱ ላይ ነው።

ቀኑን ትታችሁ ሌሊቱን ቁጠሩ

«የ12 ቀን ሞሮኮ» ተብሎ የሚሸጥ ጉዞ 11 ሌሊት ነው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ደግሞ በረራ ይበላዋል። ስለዚህ አስጎብኚውን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «የት ስንት ሌሊት እናድራለን?» ብላችሁ ነው። ለሞሮኮ ደህና የሚባለው ድልድል ካዛብላንካ 1፣ ፌዝ 3፣ መርዙጋ 2፣ ዳዴስ ሸለቆ 1፣ ማራካሽ 2፣ ኤሳዊራ 2 ነው። ከኤሳዊራ እስከ ካዛብላንካ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ የመመለሻ በረራው የማታ መሆን አለበት። የጠዋት ከሆነ አንዱ የኤሳዊራ ሌሊት ወደ ካዛብላንካ ይዛወራል።

መርዙጋ ላይ ሁለት ሌሊት የተባለው ለቅንጦት አይደለም። ከፌዝ መርዙጋ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኢፍራንና በሚደልት በኩል ከምሳና ከሻይ ጋር ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ሌሊት ብቻ ከተያዘ ተጓዡ ሲመሽ ደርሶ እንደደከመ ግመል ላይ ይወጣል፣ ድንኳኑን በጨለማ ያገኛል፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቀሳል። እስከ 150 ሜትር የሚደርሰውን የኤርግ ሸቢ አሸዋ ክምር ሳያየው ተመለሰ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት አሸዋው ጠርዝ ላይ ባለ ሆቴል፣ ሁለተኛውን ድንኳን ውስጥ ማድረግ ይሻላል።

ከማራካሽ የሚነሳ «የሁለት ቀን የበረሃ ጉዞ» ሲቀርብላችሁ ደግሞ መድረሻውን አጣሩ። ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ዛጎራ ነው። እዚያ ያለው አሸዋ ትንሽ ነው፤ የሚበዛው ጠጠራማ ሜዳ ነው። ሚሌን አልፎ ሰመራ የሄደ ሰው ጠጠራማ በረሃ በነፃ አይቷል፣ ለሱ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

የምሥራቁ ዙር በስምንት ሌሊት ያልቃል፦ ሰመራ ወይም ሎጊያ 1፣ ጅቡቲ ከተማ 2፣ ታጁራ 1፣ እንደገና ጅቡቲ 1፣ ድሬዳዋ 1፣ ሐረር 2። መነሻው ሰኞ ይሁን፤ የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው የግመል ተራው ሳይበተን ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ዘመድ ካለ ቅዳሜ ይነሳና እሑድ የሰንበቴን ገበያ አይቶ ማታ ኮምቦልቻ ይደር። ሁለት የደጋና የቆላ መገናኛ ገበያዎችን በሁለት ተከታታይ ቀን ማየት ሞሮኮም ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

በረሃው

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከ2,600 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያዙ። ባቲ ላይ ቀዝቃዛ የነበረ ጎማ ከሚሌ በኋላ ይግላል፤ ደጋ ላይ ከልክ በላይ የተነፋ ወይም ያረጀ ጎማ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ሹፌሩ ሁለት መለዋወጫ ጎማ ይዞ እንደሆነ ጠይቁ። ከሚሌ እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ጭነት የሚያልፍበት ስለሆነ የተሳቢ ሰልፍ አይጠፋም። በማታ መንዳት የሌለበት ፕሮግራም ምረጡ፤ መብራት የሌለው ተሳቢ ኩርባ ላይ ቆሞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

አሳል ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሰው ይንሳፈፍበታል። ባዶ እግር አይገባም፣ የጨው ቅርፊቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፤ ላስቲክ ጫማ ይበቃል። ፊት ውሃው ውስጥ አይነከርም። ለመታጠቢያ ለሰው ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ መኪናው ላይ ከሌለ ደርቆ የቀረው ጨው እስከ ማታ ያሳክካል።

የሞሮኮው በረሃ በሌላ መልኩ ነው የሚፈትነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ድንኳን ውስጥ የሚሰጠው ብርድ ልብስ ከባድ ቢሆንም ፀሐይ ለማየት ማለዳ ሲወጣ የሚለበስ አይደለም። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክብደቱን ያህል ይከፍላል። የግመል ጉዞው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባቲ ላይ ግመል ሲሸጥና ሲለወጥ እያየ ላደገ ሰው ይህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አይደለም፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናቶችማ ኮርቻው ጭራሽ አይሆንም። እስከ ድንኳኑ በመኪና የሚያደርስ አማራጭ እንዳለ ከመነሳት በፊት አረጋግጡ።

ተራራው

እዚህ ላይ የምሥራቁ ዙር ደካማ ነው። ከድሬዳዋ በደንገጎ ወደ ሐረር የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ያምራል፣ ለወጣት ደግሞ የዱር ፈረሶች ያሉበት ቁንዱዶ አለ፤ ከዚያ ያለፈ የለውም።

የሞሮኮውም ቢሆን ለወሎ ሰው የሚሸጥበት አኳኋን ትንሽ ያስቃል። ከማራካሽ ወደ በረሃው የሚያሻግረው የቲሺካ መተላለፊያ 2,260 ሜትር ነው፤ ደሴ ከዚያ ትበልጣለች። ቱብካል 4,167 ሜትር ሲሆን የሰሜን አፍሪካ ትልቁ ጫፍ ነው፤ ያለ አስጎብኚ መውጣት አይፈቀድም፣ ከኢምሊል መንደር ሁለት ቀን ይፈልጋል። ጦሳ ግርጌ የሚኖር ሰው ሳንባው ከፍታውን ስለለመደ ይወጣዋል፤ ያንን ሁለት ቀን ግን ከበረሃው ወይም ከባሕሩ ላይ ነው የሚቀንሰው። አዲስ የሚሆንባችሁ በረዶው ነው። በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ቲሺካ አንዳንዴ በበረዶ ይዘጋል፤ በእነዚህ ወራት የምትሄዱ ከሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ትርፍ ቀን ይኑር። በመንገድ ላይ ያለው የአይት ቤን ሐዱ የጭቃ ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈልግም።

የጥንቱ ገበያ

ፌዝ ከ9,000 በላይ ጠባብ መንገዶች አሏት ይባላል፤ መኪና አይገባም፣ ዕቃ የሚጫነው በአህያና በበቅሎ ነው። ከኋላ «ባላክ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግድግዳ መጠጋት ነው፤ በቅሎው አይቆምም። የመጀመሪያውን ቀን ያለ አስጎብኚ መግባት ሰዓት ማባከን ነው። ሁለተኛውን ቀን ብቻችሁን ጥፉበት። ዓርብ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ የፌዝ ቀናችሁ ዓርብ ላይ እንዳይውል።

ገበያውን የሚያበላሸው ነገር አንድ ነው፣ ኮሚሽን። አስጎብኚው ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ወደ ምንጣፍ ቤቱ፣ ወደ አርጋን ዘይቱ ሲያስገባ ከሽያጩ ድርሻ አለው፤ የእናንተ ዋጋ ላይ ተደምሮ ነው የሚከፈለው። ርካሽ የሆነ የቡድን ጉዞ ርካሽ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። «ያለ ሱቅ መቆሚያ» የሚል ቃል በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል፣ አስገቡ። ምንጣፍ የሚገዛ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ ቀን አይግዛ።

ሐረር ጀጎል ሌላ ሚዛን ላይ ናት። አምስት ጥንታዊ በሮች፣ 82 መስጊዶች፣ በግንቡ ውስጥ ከ300 በላይ መተላለፊያዎች፤ ሁሉም በእግር ይዳረሳል። ግማሽ ቀን አስጎብኚ ይበቃል። ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበትን መኪና ግርግርን፣ ቅመም ተራውንና ስፌቶቹ ግድግዳ ላይ የተደረደሩበትን የአደሬ ቤት አይታችሁ ማታ ጅብ ወደሚመገብበት ትወጣላችሁ። በስፋት ፌዝ ትበልጣለች፤ በቋንቋ ግን ሐረር ላይ ከነጋዴው ጋር ያለ አስተርጓሚ መከራከር ይቻላል፣ ይህ ደግሞ ገበያ ለሚወድ ሰው ብዙ ነው።

ባሕሩ

ኤሳዊራ ነፋሻ ናት፤ በተለይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አሸዋ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የአትላንቲክ ውሃም ቀዝቃዛ ነው። የሚኬደው ለግንቡ፣ ለዓሣ ወደቡና ለእርጋታዋ ነው። ለመዋኘት ከሆነ ጅቡቲ። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይታያል፤ ሰው አይበላም፣ አይነካምም። መዋኘት ለማይችል ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ጀልባው ሳይነሳ ጠይቁ። ታጁራ በነጫጭ መስጊዶቿ የታወቀች ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ አንድ ሌሊት ይበቃታል።

ምግብ

ሞሮኮም ጅቡቲም ሥጋው ሐላል ነው፤ ለሙስሊም ተጓዥ ጥያቄ የለበትም። ከእኛ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ ስለሚጓዝ ግን የቡድኑን ምግብ አስቀድሞ መናገር ይበጃል። ሞሮኮ ውስጥ «የሰባት አትክልት ኩስኩስ» ሲባል ጾም አይምሰላችሁ፤ መረቁ ብዙ ጊዜ በሥጋ የተቀቀለ ነው። ለጿሚ የሚሻለው አትክልት ብቻ ያለበት ጣጂን (በሸክላ ድስት የሚበስል ወጥ)፣ ምስርና ባቄላ ሾርባ፣ ዳቦ ከወይራ ጋር ነው፤ ቅቤ እንዳይገባ ተናገሩ። ረመዳን ላይ ከሄዳችሁ በሁለቱም አገር ቀን አብዛኛው ምግብ ቤት ይዘጋል፣ የማታው ግን ይደምቃል።

ወረቀቱና ወሩ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሞሮኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ቲኬት ዋጋው ቢረክስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ የመተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ በካይሮ፣ በኢስታንቡል ወይም በዶሃ የሚያልፈውን ምረጡ። የሞሮኮ ድርሃም የሚመነዘረው እዚያው ከደረሳችሁ በኋላ ነው።

የጅቡቲ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ አብሮ ካለ ልብ በሉ፦ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ገላፊን ሲሻገር ቪዛው አበቃ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ይህ አያሳስበውም። ሁለት «ቢጫ ካርድ» በአንድ ጉዞ ስለሚጠራ አስጎብኚው የትኛውን እንደጠየቀ አጣሩ።

በጅቡቲ ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ማንም ርካሽ ዋጋ ቢሰጣችሁ አትሂዱ፤ ጥሩው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ለሞሮኮ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር። ሆቴሉን በተመለከተ ጅቡቲ ቅርብ ስለሆነች ርካሽ አትምሰላችሁ። ፍራንኩ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ፣ 177.7 ለአንድ ዶላር፣ የታሰረ ነው፤ ዕቃውም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው።

ለማን የቱ?

ከዘጠኝ ቀን በላይ ፈቃድ ለሌለው፣ ከልጆች ጋር ለሚሄድ፣ በኅዳርና በየካቲት መካከል ለሚነሳ ሰው የምሥራቁን እንመርጥለታለን። ሁለት ሳምንት ያለው፣ የቪዛ ጊዜ የማያስጨንቀውና ትልቅ የአሸዋ ክምር ማየት የሚፈልግ ሰው ሞሮኮን ይግዛ፤ ያንን የመሰለ አሸዋ በአፋር መንገድ ላይ አያገኝም። ሞሮኮን በሰባት ቀን የሚሸጥላችሁ ካለ ግን መኪና ነው የሸጠላችሁ።

የምሥራቁን ስትዋዋሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይግባ። መኪናው ድንበሩን ይሻገራል ወይስ ገላፊ ላይ ሌላ መኪና ይቀበላችኋል? ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል የጉዞው ቀን ከመነሻችሁ ጋር ተስማምቷል ወይ? የጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ እስከዚያ የሚያደርሳችሁ ማን ነው? በመጨረሻም የደሴ–ባቲ መንገድ እንደየሁኔታው ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቢዘጋ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን በአዲስ አበባ በኩል ሰመራ ወይም ጅቡቲ የሚያደርሳችሁ በማን ወጪ እንደሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይጻፍ።