ፕሪንሰንሆፍ ሙዚየም፣ ዴልፍት፦ ጥይት የበሳው ግድግዳ

ኔዘርላንድስ ወዳለው ወደዚህ ሙዚየም ብዙ ሰው የሚመጣው አንድ ደረጃ ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1584 ባልታሳር ጄራርድ በስፔን ላይ የተነሣውን የኔዘርላንድስ አመፅ ይመራ የነበረውን የኦሬንጁን ልዑል ቪሌምን ከምሳ ሲነሳ ጠብቆ እዚሁ በሽጉጥ ገደለው። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ለገዳዩ 25,000 የወርቅ ክራውን ሽልማት አውጆ ነበር። መሣሪያው ግን የተገዛው ልዑሉ ራሱ በሰጠው ገንዘብ ነው!

የግድግዳው ቀዳዳዎች በመስታወት ተከልለዋል። ጎብኚዎች ጣታቸውን እየከተቱ ስላሰፏቸው፣ የጥይቱን መጠን ከቀዳዳው መገመት ያሳስታል።

ሕንፃው ራሱ የበለጠ ይናገራል። የቅድስት አጋታ የሴቶች ገዳም ነበር፤ ዴልፍት በ1572 ከአመፀኞቹ ጎን ከቆመች በኋላ የካቶሊክ ሥርዓት ተገፍቶ የልዑሉ መኖሪያ ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ግቢውንና የገዳሙን ክፍሎች ቀስ ብሎ ማየት፣ ደረጃውን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል።

ከዚያ በእግር ወደ ኒውቨ ከርክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀራፂው ሄንድሪክ ደ ከይሰር በ1614 የጀመረው የልዑሉ የእብነ በረድ መቃብር እዚያ አለ። የቤተሰቡ መካነ መቃብር ብሬዳ ነበር፤ ከተማዋ በስፔን እጅ ስለነበረች ልዑሉ ዴልፍት ተቀበረ። ሙዚየሙ ለሰፊ እድሳት ስለተዘጋ፣ መከፈቱን ሳያረጋግጡ ጉዞ መያዝ አይመከርም።